የአዳራሹ ግሪሳ

ሸዋ ሮቢት
ጥቅምት 3 ቀን 1998 ዓ.ም.

ጋሼ ይልማ፣

ሰላምታዬ ከሐሞት ጠጠርዎ ቀድሞ ይድረስልኝ። እንዴት ሰነበቱ? ያ ጎንዎን የሚወጋዎት ነገር ረገበልዎ? የእህትዎ ልጅ ሊያ እንዴት ይዛዎታለች? ሾርባው ጨው የለውም፣ ትራሱ ከፍ ይላል፣ ሬዲዮኑ ይቀነስ እያሉ እንደሚያስመርሯት አልጠራጠርም። ቶሎ ባለመጻፌ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስልክ እንዳልደውል፣ ቴሌ ቤት የሚሰለፈው ሰው የእኔን ወሬ ሰምቶ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። ይህንንም በፖስታ ሳይሆን በሾፌሩ በአሰፋ እጅ የላክሁት ቶሎ ይደርሳል ብዬ ነው።

የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ ሙዚቃዊ ተውኔታችን በተባለው ቀን ታይቷል። አዎ፣ የቀበሌው አዳራሽ ሞልቷል። የገበያ ቀን ስለነበር ከቀወት መንደሮች የመጣው ገበሬ ሸጦ ሲያበቃ ወደ እኛ ጎረፈ፤ መስኮት ላይ የተቀመጡም ነበሩ። አዎ፣ መጋረጃው ዘግይቶ ነው የተከፈተው፤ ከሆቴሉ የተዋስነው ኪቦርድ ሽቦው ጠፍቶ ነበር። ስምዎም እንዳዘዙት በማስታወቂያው ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ ከርዕሱም ይበልጣል። ባይጻፍ ይሻል ነበር ማለቴ አይደለም።

ተማሪያችን ሰይዳ ትንሿን ወፍ ሆና ስትጫወት በጣም ጥሩ ነበረች። በብርሃኑ ቪዲዮ ቤት ያንን የካርቱን ፊልም ስናይ እርስዎ መሐረብ ያወጡበት ቦታ፣ ወፊቱ እናቷን ያጣችበት፣ ሰይዳ ስትዘፍነው አዳራሹ ጸጥ አለ። አንዲት ሴትዮ «እኔን! የኔ እናት!» ሲሉ ሰምቻለሁ። እስከዚያ ድረስ ያለው ልክ እርስዎ እንደተመኙት ነው።

ወፎቹ ማሳው ላይ ስለሚያርፉበት ክፍል፣ ሕዝቡ በጣም ተነክቷል ማለት እችላለሁ። ከመቀመጫው ተነሥቷል። ሁሉም። ዝርዝሩን ሲሻልዎ እነግርዎታለሁ።

አባዬን ስለጠየቁልኝ አመሰግናለሁ። ጨዋታውን ከፊት ወንበር ሆኖ ነው ያየው። አሁን ከተማ ነው ያለው። ማሽላው ወተት ይዟል፤ ማማው ላይ ወጥታ ወፍ የምትጠብቀው እናቴ ዘነበች ናት። ግሪሳው ገና አልመጣም። እስኪመጣ አባዬ ይመለሳል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

እባክዎ መድኃኒትዎን ይዋጡ።

ልጅዎ መቅደስ

~

አዲስ አበባ
ጥቅምት 8 ቀን 1998 ዓ.ም.

መቅደስ ወልደማርያም፣

ሰላምታ የለም። መጀመሪያ ልቆጣ፤ ከዚያ በኋላ ሰላም እልሻለሁ።

«ሕዝቡ ተነክቷል» አልሽኝ? አሰፋ ደብዳቤሽን ሲያቀብለኝ እየሳቀ ነበር። ምን ያስቅሃል ስለው «ጋሼ፣ ወፎችዎን እኮ አባረርናቸው» አለኝ። «አባረርናቸው» ነው ያለው፣ ልብ በይ! ከኋላ ቆሞ ያይ ነበር አሉ። ሰው ሁሉ ሆ ሲል እሱም ሆ አለ። መሪ ይዞ የኖረ ሰው፣ ማማ ላይ ወጥቶ የማያውቅ ሰው፣ ሆ ብሎ ወፌን አባረረ! ይህን ሁሉ የምሰማው ከሾፌር አፍ ነው እንጂ ከአንቺ ብዕር አይደለም።

አንቺ ልጅ፣ ያ ወፍ ግሪሳ አይደለም! እናት የሞተችበት ልጅ ነው። አገር ለአገር የሚንከራተት፣ ማደሪያ ያጣ ፍጡር ነው። ክረምቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ የጻፍኩት ግጥም ሰው እንዲያለቅስበት ነበር። ተመልካች ማለት ቁጭ ብሎ፣ አፉን ዘግቶ፣ ልቡን ከፍቶ የሚያይ ማለት ነው። እኔ አሥረኛ ክፍል ሳለሽ ይህንን አላስተማርኩሽም? ታዲያ አንቺም ዛሬ የሙዚቃ መምህርት ሆነሽ፣ ክበቡን ይዘሽ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ጸጥ ማሰኘት አቃተሽ? ምነው እኔ በነበርኩ። ምነው ይህ የተረገመ ጠጠር አንድ ወር በታገሠኝ።

ይህ አንዱ ነው። ሌላው ደግሞ፣ አባትሽ «ከተማ ነው ያለው» ብለሻል። ወልደማርያም? ማሽላው ወተት ይዞ? ሰውየውን አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በደመራ ቀን እንኳ ጀርባውን ለእሳቱ ሰጥቶ ማሳውን የሚያይ ሰው ነው። እናትሽን ማማ ላይ አውጥቶ እሱ ከተማ የሚውልበት ምክንያት ምንድን ነው? አሰፋን ብጠይቀው ሳቁን ትቶ ጎማውን ለማየት ወረደ።

እንዳትሸፋፍኚብኝ። ለቀዶ ሕክምና የምተኛው ለ22 ነው፤ ሐኪሙ እንዳትናደድ ብሎኛል። እውነቱን ብትነግሪኝ አልናደድም። ብትደብቂኝ ግን ጠጠሩ ሁለት ይሆናል።

አሁን ሰላም ላንቺ ይሁን። እናትሽን ሳሚልኝ።

ይልማ

~

ሸዋ ሮቢት
ጥቅምት 12 ቀን 1998 ዓ.ም.

ጋሼ፣

እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የደበቅሁዎት ለጤናዎ ብዬ ነው። አሁን ቁጭ ብለው ያንብቡት፤ ሊያም አጠገብዎ ትሁን።

አባዬ ታስሯል። ፖሊስ ጣቢያ ነው ያለው።

የሆነው እንዲህ ነው። የሰይዳ ጓደኞች ክንፋቸውን ዘርግተው ማሽላው ላይ ሲያርፉ አባዬ ከወንበሩ ተነሣ። ማሽላው የእውነት ነው፣ እርስዎ «አገዳው እውነተኛ ይሁን» ብለው አልነበር? ከማሳችን ቆርጠን በቆርቆሮ ተክለነዋል። አባዬ ጋቢውን አወለቀና «ሆ! ሆ! ሆ!» አለ፣ በዚያ ከሮቢ ወንዝ ማዶ በሚሰማ ድምፁ። ከዚያ ማን ይቅር? አንዱ ያፏጫል፣ አንዱ ያጨበጭባል፣ አንዱ የበቆሎ ቆረቆንዳ ወረወረ። ሰይዳ የእርስዎን ግጥም ሳታቋርጥ ዘፈነች፤ ቆረቆንዳው ግንባሯን ሲያገኛት ግን እውነተኛ ወፍ ሆና በጓሮ በር በረረች።

ሁሉም እየሳቀ ነበር። በእናቴ ሞት፣ ክፋት አልነበረበትም። እየሳቁ፣ እየጮኹ፣ ወፎቹን እያባረሩ አስፋልቱ ላይ ወጡ። አባዬ ፊት ፊት። ከምርጫው ወዲህ ደግሞ ሰው ተሰብስቦ መቆሙ እንኳ እንደማይወደድ ያውቃሉ። ፖሊሶቹ ያዩት ሰልፍ ነው። ሌላው ሲበተን አባዬ ቆሞ ሊያስረዳቸው ሞከረ። «ወፍ እያባረርን ነው» አላቸው። የት ያለ ወፍ ቢሉት «አዳራሹ ውስጥ» አለ። ወሰዱት።

ጉዳዩን የያዘው የወረዳ ሰው ወጣት ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ሻይ እንኳ ጋብዞኛል። «እንዲነሡ ማን ነገራቸው?» አለኝ። ማንም አልኩት። «አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሳይነገረው በአንዴ ብድግ ይላል?» አለኝ። ወፍ ሲያይ ይላል አልኩት። ከዚያ «ይሄ ስሙ በቀይ የተጻፈው ሰውዬ የት ሄደ?» ሲል ጠየቀ። ለሕክምና አዲስ አበባ አልኩት። «ተውኔቱ ሊታይ ሲል ታመመ?» አለና ፈገግ አለ።

ስለዚህ እባክዎ እንዳይመጡ። ቢመጡ የታሰሩት ሁለት ይሆናሉ እንጂ አባዬ አይወጣም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። አባዬን አልመቱትም፤ ምሳውንም አስገባለታለሁ። መቼ ይለቀቃል ስል ግን «ይጣራል» ነው መልሱ። ግሪሳ ደግሞ እስኪጣራ አይጠብቅም። በካራቆሬ በኩል ታይቷል ይላሉ። ሌላ ዓመት ጎረቤት ተራ ገብቶ አብሮ ይጠብቅ ነበር፤ ዘንድሮ ከእኛ ማማ አጠገብ መታየት ፈርተዋል። እናቴ ብቻዋን ናት። እኔ ከትምህርት በፊት ንጋት ላይ እሄዳለሁ፤ ወንጭፉ አይታዘዘኝም፣ ድምፄም ለዘፈን እንጂ ለወፍ አይሆንም። አባዬ በቶሎ ካልወጣ ዘንድሮ ማሽላ የለንም። ማሽላ ከሌለ ምንም የለንም፤ የእኔ ደመወዝ እንደሆነ ያውቁታል።

እርስዎ ደገኛ ነዎት ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን ነው ያደጉት። አይቆጡኝና፣ ግሪሳ ሲወርድ ምን እንደሚመስል አይተው አያውቁም። ሰማዩ ይጠቁራል፤ ሲነሣ ማሳው ባዶ ነው። ሕዝቡ ጨዋታው ስላልገባው አይደለም የጮኸው።

ይጸልዩልን።

መቅደስ

~

አዲስ አበባ
ጥቅምት 16 ቀን 1998 ዓ.ም.

ልጄ መቅደስ፣

ሻንጣዬን አውጥቼ ነበር። ሊያ ጫማዬን ደበቀችው። እስካሁን አላገኘሁትም፤ በነጠላ ጫማ ደግሞ ጣርማ በርን አላልፍም። ስለዚህ እንዳልሽው አልመጣሁም፤ የአንቺን ምክር ሰምቼ እንዳይመስልሽ ብቻ።

አሰፋ ደብዳቤሽን ሲሰጠኝ ዓይኔን አላየኝም። አሁን ምክንያቱ ገባኝ።

ስለ ማሽላው ያነሣሽውን ልንገርሽ። በፊልሙ የነበረው ማሽላ አይደለም። ወፎቹ የሚያርፉት ወይን ላይ ነው፤ ባለቤቱም ደልዳላ ሀብታም ነው። እኔ ነኝ ወይኑን ማሽላ፣ ሀብታሙን የማማ ጠባቂ ያደረግሁት። የአገራችን ሰው የራሱን ነገር ካላየ አይገባውም ብዬ ነው። በሐሳቤ እጅግ ተደስቼ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ወፍ ለእኔ ጠዋት መስኮት ላይ የሚያርፍ ነገር ነው። አንድም ቀን ወፍ ምሳዬን በልቶብኝ አያውቅም።

ከዚህ ጋር ለዚያ ወጣት ሹም የጻፍኩት አለ። አዘጋጁም ደራሲውም እኔ መሆኔን፣ ማንም ማንንም እንዳላደራጀ በዝርዝር አስረድቻለሁ። ፊርማዬም አለበት። ስጪው። ስሜን የፈለጉት ከሆነ ስሜ ይኸው።

አባትሽን «ይልማ ይቅርታ ይላል» በይልኝ። አይ፣ አትበይው። ራሴ እለዋለሁ።

ይልማ

~

ሸዋ ሮቢት
ጥቅምት 19 ቀን 1998 ዓ.ም.

ጋሼ ይልማ፣

እንደምን ዋሉ? ሊያን ስለ ጫማው በጣም ያመስግኑልኝ። ሆስፒታል ሲገቡ ትመልስልዎት፤ ከዚያ በፊት ግን አደራ።

የላኩትን ጽሑፍ ለሹሙ አልሰጠሁትም። አይቀየሙኝ። መጀመሪያው ጥሩ ነበር፤ መካከሉ ላይ ግን «ያልሠለጠነ ተመልካች» እና «የሥነ ጥበብ ጠላቶች» የሚል አለበት። ያንን አንብቦ አባዬን የሚለቅ ሹም አልተወለደም። አጥፌ ሣጥኔ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ሲመጡ አብረን እንስቅበታለን።

ለመሆኑ ሹሙ ምን ወሰነ ሳይሉ አይቀሩም። ይኸውልዎ ውሳኔው። ተውኔቱ እንደገና ይታይ ብሏል። በ25፣ በዚያው አዳራሽ፣ ያው ሰው በቀበሌ በኩል ተጠርቶ። አባዬም ከጣቢያ መጥቶ ያው ወንበር ላይ ይቀመጣል። «ነገሩ የወፍ ከሆነ ወፉ ሲመጣ ይታያል» አለኝ። የዚያን ቀን ሳይነገራቸው ከጮኹ አሁንም ይጮኻሉ፤ ዝም ካሉ ግን የዚያን ቀን የጮኹት ተነግሯቸው ነው ማለት ነው። አባዬም አደራጅ ነው፤ ጉዳዩ ወደ ላይ ይሄዳል።

መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ወፍ አይተው ዝም ሊሉ? ከዚያ ቤቴ ገብቼ አሰብኩበት። ቀበሌ የጠራው ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ ያውቃሉ። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ የሊቀመንበሩን እጅ እያየ፣ እሱ ሲያጨበጭብ የሚያጨበጭብ ሰው ነው። ለምን እንደተጠራም አይነገረውም። ንገሩልኝ ብዬ ሰው ብልክ ደግሞ ያው የተባለውን ሆንን፤ አደራጀን።

ስለዚህ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ወፎቹን እውነተኛ ማድረግ። ከትምህርት በኋላ እየቆየን እንለማመዳለን። ክንፉን ከማዳበሪያ ጆንያ ሠርተን እንደ ግሪሳ ቡናማ ቀባነው። አወራረዳቸውንም ለወጥኩት፤ እንደ በፊቱ አንድ በአንድ እየዘፈኑ ሳይሆን ሁሉም በአንዴ ድምፅ ሳያሰሙ ይወርዳሉ። እንዲያ ነው የሚመጣው። ሰይዳን የጠየቁኝ እንደሆነ፣ እናቷ «ልጄን አላስደበድብም» ብለው ነበር። እሷ ግን ግንባሯ ላይ ሻሽ አስራ መጣች። «አሁንስ ካልወረወሩብኝ ከመድረኩ አልወርድም» አለችኝ፣ ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

እናቴ ጋ መሄድ ያቆምኩት ለዚህ ነው። ትላንትና ዛሬ ንጋት ላይም ከልጆቹ ጋር ነበርኩ። የምመርጠው አጣሁ ጋሼ። አባዬ ከወጣ ማሳውን ራሱ ይጠብቃል፤ እሱን ለማውጣት ደግሞ የጆንያ ወፍ መቀባት አለብኝ። እናቴ «ሂጂ፣ እኔ አለሁ» ብላኛለች። ድምጿ ሻክሯል። ግሪሳው አጣዬን አልፏል ይላሉ።

እግዚአብሔር በሰላም ያስወጣዎ። ስለ እኛ አያስቡ።

መቅደስ

~

አዲስ አበባ
ጥቅምት 21 ቀን 1998 ዓ.ም.

መቅዲ፣

ነገ እተኛለሁ። ከተማው ጥሩ አይደለም፤ አሰፋ ዛሬ ካልወጣሁ መንገድ ይዘጋብኛል ብሎ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ስለዚህ አጭር ነው።

ለአባትሽ ንገሪው። ምሳ ስታስገቢ በጆሮው ንገሪው፤ ይጩህ። አደራጀሽ ቢሉሽም ይበሉ፤ ማን ያውቃል? አንድ እሱ ከጮኸ የቀረው ይከተላል።

ዕድሜዬን ሙሉ ተመልካች ዝም ይበል ስል ኖሬ ነበር። ዛሬ የምጸልየው እንዲጮኹ ነው። ግጥሜን ያቋርጡት። ቆረቆንዳ ያለው ይወርውር። ሰይዳ አፏን ከመክፈቷ በፊት ያባርሯት። አንዲት ስንኝ ካስጨረሷት አዝናለሁ።

ከሰመመን ስነቃ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው። ወልደማርያምም ከወጣ በኋላ፣ ቂም ካልያዘብኝ፣ ሥራዬን እንዴት አየው? ከእሱ አፍ መስማት እፈልጋለሁ።

ይልማ

~

ሸዋ ሮቢት
ኅዳር 6 ቀን 1998 ዓ.ም.

ጋሼ ይልማ፣

እንኳን እግዚአብሔር ማረዎት! ሊያ ለትምህርት ቤቱ ደውላ ጠጠሩ መውጣቱን፣ እርስዎም ከነቁ በኋላ ስለ ሾርባው መቆጣት መጀመርዎን ስትነግረኝ በደስታ አለቀስኩ። አሰፋ እስከ ትላንት መኪናውን አላንቀሳቀሰም ነበር፤ የዘገየሁት ለዚህ ነው።

በስልክ «ጮኹ ወይ?» ብለው እንዳስጠየቁኝ ሊያ ነግራኛለች። እጽፋለሁ ያልኳት በስልክ የሚነገር ስላልሆነ ነው። አስቀድሜ ይህን ልበልዎ፣ አባዬ ወጥቷል። ቤቱ ነው። አሁን የቀረውን ቀስ ብለው ያንብቡ።

አልጮኹም።

እንደፈራሁት ተቀመጡ፤ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ። መጀመሪያው ዘፈን ሲያልቅ ሊቀመንበሩ አጨበጨበ፤ ሁሉም አጨበጨቡ። ሊቀመንበሩ ሲያቆም አቆሙ። አባዬ ከፊት ነው፣ ፖሊስ በግራው። በምሳ ዕቃው ላይ ጎንበስ ብዬ «እንደዚያን ቀን ሁን አባዬ፣ ወፉ ሲመጣ ጩህ» ብዬው ነበር። «እሺ» ብሎኛል። እንዲያውም ራሴን ዳብሶኛል።

ወፎቹ ወረዱ። ጋሼ፣ እኔ የሠራኋቸው ናቸው፤ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ ፈራኋቸው። አንድም ድምፅ የለም። ማሽላው ሲንኮሻኮሽ ብቻ ይሰማል። አንድ ሰው ካሁን አሁን ተነሣ እያልኩ ጠበቅሁ። ማንም። አባዬን አየሁት። ዓይኑ መድረኩ ላይ ነው፤ አፉ ግጥም ብሏል። ሰይዳ እሱን እያየች ዘፈነች። ስንኝ በስንኝ እስከ መጨረሻው ዘፈነችው፤ እንደዚያን ቀን አምሮላት አያውቅም። ማንም አላቋረጣትም። እኔ ያኔ ነገሩ አበቃ ብዬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ሹሙ ተነሣና ኪቦርዱን አስቆመ።

«አቶ ወልደማርያም፣ ወፉ እኮ መጥቷል» አለ፣ በዚያ ቀስ ባለ ድምፁ።

«አያለሁ ጌታዬ።»

«ታዲያ ዛሬ ምነው?»

አባዬ ተነሣ። ጋቢውን አስተካከለ። «ያን ጊዜ ማሽላዬ ማሳ ላይ ነበር» አለ። «ትላንትና አለቀ። ልጄ ጩህ ብላኛለች፣ እኔም እጮኻለሁ ብያት ነበር። አፌን ብከፍተው እንቢ አለኝ። ከምኑ ላይ ላባርረው ጌታዬ?»

እኔ አላወቅሁም ነበር። እናቴ በዚያን ዕለት ጠዋት ጣቢያ ሄዳ ለእሱ ብቻ ነው የነገረችው። እኔን ሥራ እንዳላስፈታ ብላ። ግሪሳው ሲወርድ ብቻዋን ማማው ላይ ነበረች። ስትጮኽ፣ ስትጮኽ ድምጿ ጠፋ፤ ከዚያ ቆርቆሮ መታች፤ ከዚያ ወርዳ በነጠላዋ እያባረረች በማሳው ውስጥ ሮጠች። ከጎረቤቶቹ ሁለቱ መጨረሻ ላይ ደርሰውላታል፤ ሲደርሱ ምንም አልቀረም። ያን ሰዓት እኔ የወፍ ክንፍ እየቀባሁ ነበር።

ሹሙ «ሁሉንም?» አለ።

«አገዳው አለ» አለ አባዬ።

ከዚያ ከሴቶቹ መካከል አንዲት ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ ሌላዋ። ወንዶቹም ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው ሲያደርጉ አየሁ። ሊቀመንበሩ ወደ ሹሙ ተመለከተ፤ ሹሙ ወደ መሬት። ማንም ዝም በሉ አላላቸውም። ይኸው ጋሼ፣ ሕዝቡ አለቀሰ። የሚፈልጉት እሱን ነበር።

በማግሥቱ በቪዲዮ ቤቱ በብርሃኑ ዋስትና ለቀቁት። ሹሙ ወረቀቱን ሲሰጠኝ ግሪሳው ቀድሞ የታየበት የካራቆሬ ልጅ መሆኑን ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ በመንገድ ሲያየኝ አንገቱን ይሰብራል።

አልደብቅዎትም፣ ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ ለይቼ አላውቅም። በሹሙ፣ በጎረቤቶቻችን፣ በራሴ፣ እንዲያውም በእርስዎም። ወይኑን ወይን ቢያደርጉት ምን ነበረበት? ሰው በማያውቀው ወይን ላይ እያለቀሰ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። ይህን ጽፌ ልሰርዘው ፈልጌ ነበር፤ ተውኩት። ሲድኑ ይቆጡኛል።

እናቴ እስከ ዛሬ ድምጿ አልተመለሰም። በእጇ ነው የምታወራው። ለእርስዎ ሰላምታ በይልኝ ስትል እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች።

አባዬ ሥራዎን እንዴት እንዳየው ጠይቀውኝ ነበር። ትላንት ሄጄ ጠየቅሁት። ለከብቶቹ አገዳ እያጨደ ነበር። ቂም አልያዘብዎትም። መጨረሻውን ስላላየሁት ምን ብዬ እፈርዳለሁ፣ እስኪ ንገሪኝ አለኝ። ነገርኩት። ጠባቂው ለወፎቹ ያዝናል፣ ወንጭፉን ጥሎ ከማማው ይወርዳል፣ ወፎቹ እየተዘፈነ ከእጁ ይበላሉ፣ መጋረጃው ይዘጋል አልኩት።

ማጨዱን ሳያቆም ሰማኝ። «ጥሩ ነው» አለ። «ዘፈኑም ያምራል፤ መምህሩን አመስግኚልኝ።»

አገዳውን አሰረና ትከሻው ላይ አደረገ። ጥቂት ከሄደ በኋላ ዞር ብሎ እንዲህ አለኝ፦

«ወፎቹስ በሉ። ሰውየው ቤት ሲገባ ለሚስቱ ምን አላት? እሱን አልጻፉትም በያቸው።»

መቅደስ